ሳይመረመር የተፈረደበት መስኮት

ሰሞኑን በማኅበራችን ክፍል ፊልም ለማየት ተሰብስበን ሳለ፣ ሙሉ ስክሪን እንዲሆን የታዘዘው መስኮት ፕሮጀክተሩን ትቶ ላፕቶፑ ላይ ተዘረጋ። ወዲያውም «ሊኑክስ ይውጣልን!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እኛ ይህን አቋም አንቀበልም።

እ.ኤ.አ. በ1984 በኤም.አይ.ቲ. በተጀመረው ኤክስ በተባለው የመስኮት ሥርዓት፣ ሙሉ ስክሪን መሆን የፕሮግራሙ ጥያቄ እንጂ ውሳኔው አይደለም፤ ወሳኙ ዊንዶው ማኔጀሩ ነው። የምንሠራበት አይስሪ ደግሞ መስኮቱ ያለበትን ስክሪን ብቻ ይሸፍናል፤ ሁሉንም የሚሸፍነው «ግሎባል» የሚል ቃል ሲታከልበት ነው። ፊልሙ ላፕቶፑ ላይ ተከፍቶ ነበርና እዚያው ሰፋ። የታዘዘውን ፈጸመ እንጂ ምን አጠፋ? ኤምፒቪ የተባለው ማጫወቻ ስክሪን መምረጫ አለው፤ ግን በኤክስ ላይ ከሁሉም ዊንዶው ማኔጀሮች ጋር በትክክል እንደማይሠራ የራሱ መመሪያ ያስጠነቅቃል።

ስለዚህ በኤክስራንድአር የስክሪኖቹን ስም ማየት፣ መስኮቱን አስቀድሞ ወደ ፕሮጀክተሩ መውሰድ፣ ከዚያ ማስፋት ነው። በአይስሪ ማስተካከያ ፋይል አንድ መስመር ቢጻፍ ደግሞ የየጊዜው ልፋት ይቀራል። ይህን የምናውቀው ሁለት ሦስት ሰዎች ብቻ መሆናችን ነው ድክመታችን። በሚመጣው ስብሰባ መስመሩን ሰሌዳ ላይ እንጽፈዋለን፤ «ይውጣልን» ያላችሁም ደብተር ይዛችሁ ኑ።