ርካሽ ዕቃ፤ ከዴጉ ገበያ እስከ ግልገል በለስ

ወጣት የመንግሥት ሠራተኞቻችንና ተማሪዎቻችን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ደቡብ ኮሪያ መሄዳቸው ዛሬ እንደ እንግዳ ነገር የሚታይ አይደለም። ኮይካ በተባለው የኮሪያ የትብብር ድርጅት ዕርዳታ ተምረው የተመለሱ በየመሥሪያ ቤቱ ይገኛሉ። እነዚህ ወጣቶች የመመለሻቸው ቀን ሲቃረብ ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ከቀለባቸው ቆጥበው ባጠራቀሙት ገንዘብ የትኛውን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ገዝተው ይግቡ የሚለው ነው። ነገሩ ተራ የገበያ ወሬ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በግልገል በለስ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለሚያስተምር ወጣት ኮምፒዩተር የሥራ መሣሪያ እንጂ ጌጥ አይደለምና፣ ጥያቄውን እንደ ቁም ነገር ቆጥረን ልንመረምረው ወደናል።

በመጀመሪያ ዕቃው እኛ ዘንድ ለምን እንደ ተወደደ እንመልከት። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ 700 ዶላር የሚያወጣ ኮምፒዩተር በፊት በ40,000 ብር ግድም ይታሰብ የነበረው፣ ቀረጥና ትርፍ ሳይጨመርበት ከ70,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ላይ እንደ ዕቃው ዓይነት ቀረጡና 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ይደረብበታል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ፣ በእንጅባራና በቻግኒ አድርጎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ግልገል በለስ ይደርሳል። የመተከል ወጣት ባሕር ማዶ ሳለ ልግዛ ቢል አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ኮሪያ እንሻገር። ዴጉ ከሀገሪቱ ታላላቅ ከተሞች አንዷ ናት። በአጠገቧ ባለችው በግዮንግሳን የሚገኘው የንግናም ዩኒቨርሲቲ ከአፍሪካና ከእስያ የሚመጡ ወጣት ሹማምንት የልማት ፖሊሲ የሚማሩበት የፓርክ ቹንግ ሂ ትምህርት ቤት ስላለው፣ የእኛም ልጆች ከተማዋን ያውቋታል። በባቡር ተሳፍሮ መሐል ከተማ የሚወርድ ተማሪ ከዴጉ ጣቢያ አጠገብ የግዮዶንግን ገበያ ያገኛል፤ በሰሜኑም በኩል አንድ ሙሉ ሕንፃ የኤሌክትሮኒክስ መሸጫ የሆነበት የንግድ ሰፈር አለ።

የግዮዶንግ ገበያ ታሪክ ከዋጋው ይልቅ ያስደንቃል። ከጦርነቱ በኋላ ይህ ገበያ ከአሜሪካ ጦር ሠፈር ሾልኮ የሚወጣ ዕቃ የሚቸበቸብበት ስለ ነበር «የያንኪ ገበያ» ይባል ነበር። የዛሬው ተማሪያችን የኮሪያን ዕቃ በርካሽ በሚፈልግበት ቦታ፣ ያን ጊዜ ኮሪያውያን ራሳቸው የባዕድ ዕቃ ይፈልጉ ነበር ማለት ነው። የእኛ የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ቡሳን ወደብ ሲወርድ ከተማዋ በስደተኛ ተጨናንቃ ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በ1952 ዓ.ም. ዛሬ ኤልጂ የምንለው ጎልድስታር የሀገሪቱን የመጀመሪያ ራዲዮ እዚያው ቡሳን ሠራ። ራዲዮኑ ግን ቶሎ ገዢ አላገኘም፤ ሕዝቡ በድብቅ የሚገባውን የውጭ ራዲዮ ይመርጥ ነበርና። የኮሪያ መንግሥት ኮንትሮባንዱን አጥብቆ ከያዘና ወደ ገጠር ራዲዮ የመላክ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ነው ፋብሪካው የቆመው። ሳምሰንግም ቢሆን በ1930 ዓ.ም. በዚያችው በዴጉ ሲመሠረት የደረቀ ዓሣና ኑድል የሚነግድ ሱቅ ነበር። እንግዲህ በዴጉ ዋጋው የሚረክሰው ነጋዴው ደግ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሠሪው፣ መለዋወጫውና ጠጋኙ በአንድ አገር ስላሉ ነው።

ነጋዴውማ ነጋዴ ነው። በሴኡል የዮንግሳን የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ባለ ሱቆች ገዢውን «እስከ ስንት ጠይቀህ መጣህ?» እያሉ መቀበላቸው በሀገሩ ሁሉ መተረቻ ሆኗል። መልስ የሰጠ ሁሉ በመለሰው ዋጋ ይያዛል፤ መርካቶን ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ዛሬ ግን ኮሪያዊው ከቤቱ ሳይወጣ ዳናዋ በተባለው የዋጋ ማነጻጸሪያ የየሱቁን ዋጋ አይቶ ስለሚሄድ፣ የአፍ ክርክር ድሮ የነበረው ጉልበት የለውም። የእኛም ተማሪ ከክርክር ይልቅ በዚህ ቢጠቀም ይሻለዋል። ያገለገለ ዕቃ ለሚፈልግም ጎረቤት ለጎረቤት የሚሸጥበት ዳንግን የሚባል የስልክ ገበያ አለ። የትምህርቱ ዘመን በየካቲት ወር መገባደጃ ስለሚጀምር፣ ከዚያ ቀደም ብሎ ባሉት ሳምንታት ጓዙን የሚሸጥ ተመራቂ ይበዛል።

ወጥመዶችም አሉ። በሱቁ በር «ከታክስ ነፃ» የሚለውን ጽሕፈት አይቶ 10 በመቶው ይመለስልኛል ብሎ የሚያስብ ተማሪ ይሳሳታል፤ ተመላሹ ኮሪያ ከገቡ ስድስት ወር ላልሞላቸው እንግዶች ነውና። «ነፃ ስልክ» የሚለውም እንዲሁ ነው። የስልክ ድጎማን ይገድብ የነበረው የ2007 ዓ.ም. ሕግ በሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. ስለ ተሻረ ኩባንያዎቹ በድጎማ መፎካከር ይችላሉ፤ ውሉ ግን ብዙ ጊዜ 24 ወር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የሚመለስ ተማሪ ውሉን ሲያፈርስ ቅጣቱ ስልኩን ነፃ አያደርገውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ዕቃው የሚውልበት ቦታ ነው። በኮሪያም በእኛም ኃይሉ 220 ቮልት፣ የሶኬቱም ዓይነት አንድ በመሆኑ ብዙ ሰው ሁሉም ዕቃ ያለ ችግር ይሠራል ብሎ ያምናል። ነገር ግን የእነርሱ መብራት በሰኮንድ 60 ዙር፣ የእኛ 50 ዙር ነው። ለኮምፒዩተርና ለስልክ ቻርጀር ይህ ምንም አይደለም። ለ60 ዙር ብቻ የተሠራ ሞተር ያለው ማቀዝቀዣ ወይም የልብስ ማጠቢያ ግን ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ሊግልም ይችላል። ቴሌቪዥኑም በአንቴና የሚቀበለው የስርጭት ዘዴ ከእኛው የተለየ ስለሆነ ያለ ሳተላይት መቀበያ ባዶ መስታወት ነው።

ኮምፒዩተርን በተመለከተ ወደ አንድ ወገን ማዘንበላችንን አንደብቅም። በኮሪያ ተማሪዎች ዘንድ የተወደደው የኤልጂ ግራም ቀላልና ያማረ ነው፤ ሆኖም ኪቦርዱ ወይም ስክሪኑ ቢበላሽ በእኛ አገር ምትኩን ማግኘት አድካሚ ነው። በየመሥሪያ ቤታችን የሞሉትን ኤችፒን፣ ዴልንና ሌኖቮን ግን ጠጋኙ ፈትቶ ያውቃቸዋል፤ ከአሮጌው አውጥቶ ለአዲሱ የሚሆን መለዋወጫም ያገኛል። የኮሪያው ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አገር ስለሚቀር፣ ግልገል በለስ ላይ እውነተኛው ዋስትና ይኸው ጠጋኝ ነው። ኤልጂ ስልክ መሥራት ያቆመው በ2013 ዓ.ም. መሆኑን ለሚያውቅም፣ የዚያ ስም ያለበት ያገለገለ ስልክ ለምን እንደዚያ እንደ ረከሰ አይሰወርበትም።

የመተከል ዞን በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መገኛ ነው። ይሁን እንጂ ታላቅ ማመንጫ በዞኑ መኖሩ ብቻውን በከተማው መስመር ላይ የኃይል መዋዠቅን አያስቀርም። መብራት ድንገት ሄዶ ድንገት ሲመለስ ቻርጀር ይቃጠላል፤ ባትሪም በየጊዜው ሲራቆት ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ በዋጋ ክርክር የተረፈው ገንዘብ ለሁለተኛ ቻርጀርና ለትርፍ ባትሪ ቢውል፣ ሌላ ስልክ ከመጨመር ይበልጣል እንላለን። ስልክ ሲደራረብ ደግሞ የቦሌው የጉምሩክ ሹም የግል መገልገያ ነው ወይስ ንግድ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ቻርጀሩ በሚጫነው ሻንጣ ቢገባም ግድ የለም፤ ትርፉ ባትሪ ግን በአውሮፕላን ሕግ መሠረት ከተሳፋሪው ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዛል።