ሐኪምና የሚያስጠላ መድኃኒት

የሰው ልጅ ከሕመሙ ለመዳን ሲል ያልቀመሰው መራራ፤ ያልታገሠው ሥቃይ የለም። አንዳንዱ መድኃኒት ግን ከመራራነቱ ይልቅ ስሙ ያስደነግጣል። በዚህ ዓመት በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ መምህራችን ስለ አንዱ በነገሩን ጊዜ ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ ከፊት የተቀመጡትም አፍንጫቸውን ያዙ። ይኸውም የጤነኛ ሰው ዓይነ ምድር ተመርምሮ፤ ተበጥብጦና ተጣርቶ ወደ ታመመ ሰው አንጀት የሚገባበት ሕክምና ነው። ክቡራን ወላጆችና መምህራን ስለ አነጋገሬ ይቅርታ እንድታደርጉልኝ እለምናለሁ፤ ነገሩ ሕይወት የሚያድን ስለ ሆነ በስሙ መጥራት ይገባል።

በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምሞክረው ሐኪሞች ስለዚህ ሕክምና ያላቸውን አስተያየት ነው። በእኔ በኩል ሐኪም አዲስ መድኃኒትን መጠራጠር ግዴታው ነው እላለሁ። ነገር ግን ጥርጣሬው ወደ ምርመራ ካላደረሰው መጸየፍ ሆኖ ይቀራል፤ ዋጋውንም የሚከፍለው በሽተኛው ነው።

አስቀድሞ የበሽታውን ነገር በአጭሩ ልናገር። በአንጀታችን ውስጥ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ተሐዋስያን ይኖራሉ። አብዛኞቹ ወዳጆቻችን ናቸው፤ ምግብ በማብላላት ይረዱናል፤ ቦታውንም ይዘው ክፉዎቹ እንዳይሰፍሩበት ይከላከላሉ። ሰው አንቲባዮቲክ በወሰደ ጊዜ ግን መድኃኒቱ ክፉውን ከደጉ ሳይለይ ይፈጃቸዋል። ያን ጊዜ ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል የሚባለው ባክቴሪያ ባለቤት የሌለበት ቤት እንዳገኘ ሌባ ዘው ይላል። መርዙ ትልቁን አንጀት ያቆስላል፤ ብርቱ ተቅማጥ ያመጣል፤ ይገድላልም። ሐኪሞች ቫንኮማይሲን የሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ ሲሰጡ ብዙ ሰው ይድናል፤ አንዳንዱ ግን መድኃኒቱ ባለቀ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንደ ገና ይወድቃል። ለምን ቢባል የባክቴሪያው ዘር በአንጀት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ ደጎቹም ተመልሰው ቦታቸውን አልያዙም። የጤነኛው ሰው ዓይነ ምድር የሚያስፈልገው እነዚህን ደጎች መልሶ ለመትከል ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በቻይና በ4ኛው መቶ ዓመት ጌ ሆንግ የተባለው ሊቅ እንዲህ ያለውን ሕክምና በመጽሐፉ ጽፎ ነበር። በዘመናዊ ሕክምና ደግሞ በ1958 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቤን አይዝማን የተባሉ የቀዶ ጥገና ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ አንጀታቸው ክፉኛ የታመመ አራት ሰዎችን በዚህ መንገድ አክመው መዳናቸውን ጻፉ። የበሽታው ዋና መነሾ ይኸው ባክቴሪያ መሆኑ የታወቀው ከዚያ በኋላ በ1978 ነው።

ከዚህ በኋላ ምን ሆነ? እዚህም እዚያም ጥቂት ሐኪሞች ሞከሩት። በሽተኞችን በዕጣ ከፍሎ ከሌላ ሕክምና ጋር የሚያነጻጽር ምርመራ ግን እስከ 2013 አልታተመም። ሃምሳ አምስት ዓመት! በ2013 የታተመው የአምስተርዳም ሐኪሞች ምርመራ እንዳሳየው፤ ሕክምናው ከተደረገላቸው 16 በሽተኞች 13ቱ በአንድ ጊዜ ዳኑ፤ ከቀሩት ከሦስቱም ሁለቱ ሲደገምላቸው ዳኑ። ቫንኮማይሲን ብቻ ከወሰዱት 13 ሰዎች ግን የዳኑት 4 ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ ይህን ያህል ስለ ሰፋ ምርመራው ከታሰበለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ።

ስለ መዘግየቱ መጸየፍን ብቻ መክሰስ ትክክል አይሆንም። በነጻ የሚገኝን ነገር ሸጦ የሚያተርፍበት ፋብሪካ አልነበረም፤ መንግሥታትም መድኃኒት ይባል ወይስ እንደ ደም ልገሳ ይቆጠር የሚለው ጥያቄ አስቸግሯቸው ነበር። ነገር ግን የመጸየፍ ድርሻ ትንሽ አይደለም። በ2012 በአሜሪካ 192 ሰዎች እንዲህ ያለ ሕመም ቢይዛችሁ የትኛውን ሕክምና ትመርጣላችሁ ተብለው ተጠየቁ። ሕክምናው ከዓይነ ምድር እንደሚዘጋጅ ከተነገራቸው በኋላ እንኳ ከመቶ 81ዱ ተቀበሉት፤ ሐኪሜ ከመከረኝ እቀበላለሁ ያሉት ደግሞ ከመቶ 94 ነበሩ። በ2014 በወጣ ሌላ ጥናት ሐኪሞች ሲጠየቁ ብዙዎቹ ሕክምናውን ለበሽተኛ አቅርበው እንደማያውቁ ተናገሩ፤ ከምክንያቶቻቸውም አንዱ በሽተኛው ይጸየፈዋል የሚል ነበር። እንግዲህ ሐኪሙ የራሱን አፍንጫ ለበሽተኛው አዋሰው ማለት ነው! እኔም ነገሩን ለአያቴ ባጫወትኳቸው ጊዜ ምንም አልደነገጡም። «ሐኪሙ ያድናል ካለ ምን አለበት፤ እኛ ኮሶ ስንጠጣ አይደለም ወይ ያደግነው?» አሉኝ።

የኮሶ ነገር ከተነሣ ዘንድ፤ ለሐኪሞችም መፍረድ ይገባል። ኮሶ የኮሶ ትልን በማስወጣት ስሙ እስከ አውሮፓ ደርሶ፤ የአውሮፓ ሐኪሞች በመድኃኒት መጻሕፍታቸው አስገብተውት ነበር። ይሁን እንጂ መጠኑ በእፍኝ የሚለካ መድኃኒት ከትሉ አልፎ ሰውዬውን ይጎዳል፤ በኮሶ መመረዝ ምክንያት በዓይን ላይ ስለ ደረሰ ጉዳት በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ተጽፎአል። ስለ ዓይነ ምድሩ ሕክምናም በ2019 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አስጠንቅቋል። ሰውነታቸው የመከላከል ኃይል ያነሰው ሁለት ሰዎች ከአንድ ለጋሽ የተወሰደ ተሰጥቷቸው፤ መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ ተላለፈባቸው፤ አንዱም ሞተ። የለጋሹ ዓይነ ምድር ለዚያ ባክቴሪያ አልተመረመረም ነበር። ተጠራጣሪዎቹ ሐኪሞች በዚህ ረገድ ልክ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የለጋሾች ምርመራ ጠብቋል፤ በ2022 እና በ2023 ደግሞ ከተመረመሩ ለጋሾች የሚዘጋጁ ሁለት መድኃኒቶች በአሜሪካ ተፈቅደዋል፤ ሁለተኛው በእንክብል የሚዋጥ ነው። አፍንጫ መያዝም ቀረ።

ሌላ ዓይነት ጥርጣሬ ደግሞ አለ፤ ይህንንም የእኛው አገር ታሪክ ያስተምረናል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች የብልሃርዚያ በሽታ አስተላላፊዎች ናቸው። እንዶድ እርግጥ ለበሽተኛ የሚሰጥ አይደለም፤ ውሃ የሚያጸዳ ነው፤ የገጠመው ፈተና ግን ይመሳሰላል። የውጭ ባለሙያዎች መርዝነቱ በታወቀ ላቦራቶሪ ይመርመር አሉ። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ በአገራችን አልነበረም፤ የጠየቁትም ቶሎ አልመረመሩልንም። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አገኙ፤ ከዐድዋው ቀን ሃያ አምስት ዓመት አልፎ ነበር። ማስረጃ አምጣ ብሎ መንገዱን መዝጋት ከመጸየፍ እምብዛም አይሻልም።

ይህ ሁሉ ለጉለሌ ልጅ ምኑ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። በየቤታችን ጉንፋን በያዘን ቁጥር አሞክሳሲሊን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዛን፤ ግማሹን ውጠን ግማሹን ለጎረቤት እናተርፋለን። ደጎቹን ተሐዋስያን የምንፈጀው እንዲህ ነው፤ ስለዚህ በሽታው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ዛሬም ብዙ ሰው «ፓስተር» እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኘውም በዚሁ በጉለሌ በአርበኞች መንገድ ነው። በ1995 በዚያ የምርምር ሥራ ውስጥ የባህል መድኃኒት ክፍል ሲጠቃለል፤ ሽማግሌ የሚያውቀውን ላቦራቶሪ እንዲመዝነው ታስቦ ነበር፤ እኔም በበሩ ሳልፍ ይህ ያኮራኛል።

በእኛ አገር ይህን ሕክምና ሊሰጥ የሚያስብ ሐኪም በመጀመሪያ ስለ ለጋሹ መጨነቅ አለበት። አሜባ፤ ጃርዲያ፤ ወስፋትና ታይፎይድ በበዛበት ከተማ ጤነኛ ነኝ ያለ ሁሉ ጤነኛ አይደለም። ለጋሹ ደሙም ዓይነ ምድሩም ሊመረመር፤ በቅርቡ አንቲባዮቲክ ወስዶ እንደ ሆነም ሊጠየቅ ይገባል። እናቴን የሚያክም ሐኪም «ለጋሹን ማን መረመረው?» ብሎ ቢያቆመው አልከፋም። «ይህማ ያስጠላል» ብሎ ቢያቆመው ግን ሌላ ሐኪም እፈልጋለሁ።