የበረንዳው ጥላ ስንት ሰዓት ይላል?

ቤት ልንከራይ ስንሄድ የምንጠይቀው የታወቀ ነው። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ቆጣሪው የግል ነው ወይስ የጋራ? ታክሲ ቅርብ ነው? ፀሐይ በየትኛው መስኮት፣ በስንት ሰዓት ትገባለች ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ነገሩ የሚታወቀው ዕቃ ተራግፎ ካለቀ በኋላ ነው። የልጆቹ መኝታ ማታ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ለአያት የተሰጠው ክፍል ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ የማያየው ይሆንና ጋቢ በጋቢ ላይ ይደረባል። በዕጣ የደረሰ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ቤቱን መምረጥ አይቻልም፤ የትኛው ክፍል ለማን እንደሚሆን ግን በእጃችን ነው።

ይህን ለማወቅ መሐንዲስ አያስፈልግም። የመጥረጊያ እንጨት፣ ጠመኔ እና “ለምን?” ማለት የማይሰለቸው ልጅ ይበቃሉ። እንጨቱን 1 ሜትር ላይ ቁረጡና ምንም በማይጋርደው ቦታ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ልጁ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በየግማሽ ሰዓቱ የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ይንካ፤ አጠገቡም ሰዓቱን ይጻፍ። ጥላን በእግር እየሰፈሩ ሰዓት ማወቅ አያቶች የሚያውቁት ነገር ነውና እዚህ ላይ አስተማሪዎቹ እነሱ ይሁኑ።

ልጁ መጀመሪያ የሚገርመው 6 ሰዓት ላይ ጥላው ገና እያጠረ መሆኑ ነው። “እኩለ ቀን 6 ሰዓት አይደለም እንዴ?” ማለቱ አይቀርም። ሰዓታችን የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። ይህ መስመር የሚያልፈው ከአዲስ አበባ በጣም ርቆ፣ በሶማሌ ክልል በኩል ነው። አዲስ አበባ ከመስመሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ወደ ምዕራብ ትርቃለች፤ ፀሐይ ደግሞ አንዱን ዲግሪ ለመሄድ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። ስለዚህ ጥላ ከሁሉ የሚያጥረው በአማካይ 6 ሰዓት ከ25 ላይ ነው። ይህም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም፤ በጥቅምት መጨረሻ ወደ 6 ሰዓት ከ10 ይጠጋል፣ በየካቲት መጀመሪያ 6 ሰዓት ከ40 ሊሞላ ይደርሳል። ስልኩ 12፡00 ሲል እኛ 6 የምንለውም ከዚሁ ጋር ይነሣ። ቀንን ከፀሐይ መውጫ መቁጠር ለእኛ አገር የሚመች ነው፤ በአዲስ አበባ በረጅሙ ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነውና።

ሁለተኛው ትምህርት ግን ወራትን ይፈልጋል። በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ የ1 ሜትር እንጨት ጥላ 63 ሳንቲሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል። በሰኔ አጋማሽ፣ ደመናው ፋታ ከሰጠ፣ 26 ሳንቲሜትር ብቻ ይሆንና ወደ ደቡብ ይዞራል! ፀሐይ በአዲስ አበባ አናት ላይ በትክክል የምትቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሚያዝያ 5 አካባቢ እና ነሐሴ 23 ወይም 24 አካባቢ። በእነዚህ ቀናት መካከል እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ናት፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ። ዋሽንግተን የልጅ ልጅ ያላችሁ በስልክ አስለኩት፤ የእሱ የእኩለ ቀን ጥላ መቼም ወደ ደቡብ አይዞርም፣ በታኅሣሥም ወደ 1 ሜትር ከ90 ይረዝማል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በታኅሣሥ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ የምትውለው በደቡብ በኩል ስለሆነ፣ ብርዱ በሚበረታበት ወቅት ፀሐይ የሚገባው የደቡብ መስኮት ነው። ለአያት፣ ለአራስ፣ ጠዋት ገላው ለሚታጠብ ሕፃን እንዲህ ያለ ክፍል ቢሰጥ ደግ ነው። ለጠዋት ብቻ ከሆነ የምሥራቁም አይከፋም። የሰሜኑ ጎን ክረምት ላይ ፀሐይ ያገኛል ቢባልም ያኔ ደመናው አያሳይም፤ ልብስ ለማድረቅም አትመኑት።

አስቸጋሪው ምዕራብ ነው። የእኩለ ቀን ፀሐይ ከላይ ስለምትመጣ አጭር ታዛ ይመልሳታል። የ10 ሰዓቷ ግን ዝቅ ብላ በታዛው ሥር ሾልካ መስኮቱን በቀጥታ ታገኘዋለች። ብሎኬት ደግሞ ከሰዓት በኋላ የጠጣውን ሙቀት ማታ ነው ወደ ውስጥ የሚመልሰው፤ ልጆች 2 ሰዓት ላይ ሲተኙ የሚያልባቸው ለዚህ ነው። ወፍራም መጋረጃ ብዙ አይረዳም፣ ሙቀቱ መስታወቱን ካለፈ በኋላ ቤት ውስጥ ነውና። የሚሻለው ከውጭ መጋረድ ነው፦ ሸራ፣ የቀርከሃ መጋረጃ፣ ግቢ ካለ ዛፍ ወይም ሐረግ። በምዕራብ በኩል ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሱትን አዳዲስ ፎቆች ሳይ የውስጦቹ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ዘመናዊነቱ ለመንገደኛ ነው፣ ሙቀቱ ለእነሱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤት የምትገዙ ከሆነ በደቡብ በኩል ያለውን ባዶ ቦታ እዩት። አንዱ ፎቅ 3 ሜትር ቢሆን፣ ነገ 15 ሜትር ሕንፃ ቢቆምበት በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ጥላው ወደ እናንተ 9 ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ጠዋትና ከሰዓት ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ርቀቱን በእርምጃ ስፈሩ፣ ቦታው ለስንት ፎቅ እንደተፈቀደም ወረዳውን ጠይቁ። ቤቱንም ከተቻለ ሁለት ጊዜ እዩት፤ አንዴ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ አንዴ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ። ደላላው ቢያጉረመርምም ያጉረምርም።