ማንኪያ ላይ ያለው ሁሉ አጥንት አይደርስም

«ከወተት 17 እጥፍ ካልሲየም!» ይላል የሽፈራው ዱቄት ማስታወቂያ። ቴሌግራሙም ቲክቶኩም ይህንኑ ያስተጋባል። ቁጥሩ ከሜዳ የታፈሰ አይደለም፤ ግን ሸፍጥ አለበት። የሚነጻጸረው 100 ግራም ደረቅ ዱቄት ከ100 ግራም ወተት ጋር ነው። ወተት አብዛኛው ውሃ ነው። ለመሆኑ በቀን 100 ግራም የሽፈራው ዱቄት የሚበላ ማን ነው?

ሂሳቡን በማንኪያ እንሥራው። በማስታወቂያው ልክ 100 ግራም ዱቄት 2000 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም አለው እንበል። አንድ የሾርባ ማንኪያ 7 ግራም ቢይዝ 140 ሚሊግራም ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 300 ሚሊግራም ይሰጣል። አንድ ጎልማሳ በቀን 1000 ሚሊግራም ገደማ ያስፈልገዋል። 17 እጥፉ የት ገባ?

ይህም አፍ የሚገባው እንጂ ደም የሚገባው አይደለም። በቅጠላ ቅጠል ውስጥ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን አስሮ ከሰውነት ይዞት ይወጣል። ሰውነት ከወተት ካልሲየም 30 በመቶ ያህሉን ሲወስድ፣ ኦክሳሌት ከበዛበት ስፒናች የሚያገኘው 5 በመቶ ገደማ ነው። ኦክሳሌቱ ትንሽ የሆነው የጎመን ዘመድ ኬል ግን ከወተት አያንስም። ሁለቱም «ተፈጥሯዊ» ናቸው። ቃሉ ምንም አልነገረንም ማለት ነው።

የእንቁላል ቅርፊት ዱቄትስ? በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ በርካሹ የፋርማሲ እንክብል ውስጥ ያለው ያው ነገር። እንዲሟሟ የጨጓራ አሲድ ስለሚፈልግ ከምግብ ጋር ቢወሰድ ይሻላል። ለጨጓራ ኦሜፕራዞል የሚወስዱ አዛውንት ከእሱ የሚያገኙት ሊቀንስ ይችላል። ሻጩ ይህን ጠይቋቸዋል? ከአጥንትና ከባሕር ዛጎል በሚሠሩ ዱቄቶች ውስጥም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት የተገኘበት ጊዜ አለ።

ጠቤ ከሽፈራው ጋር አይደለም። ኮንሶዎች ቅጠሉን ከኩርኩፋ ጋር አብስለው ይበሉታል፤ ምግብ ነው። ጠቤ ምግቡን መድኃኒት አስመስሎ ከሚሸጠው ጋር ነው። የወር አበባቸው ከቆመ በኋላ አጥንታቸው የሚሳሳ እናቶች በዱቄቱ ተማምነው ሳይመረመሩ ሲቀሩ፣ ዋጋው የሚከፈለው ዳሌ የተሰበረ ቀን ነው።

ስለዚህ ሻጩ በአንድ ማንኪያ ስንት ሚሊግራም እንዳለና እርሳስ እንደሌለበት የተመረመረበትን ውጤት ማሸጊያው ላይ ይጻፍ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ያስገድደው። እናንተም «ከወተት ስንት እጥፍ?» ብላችሁ ሳይሆን «በማንኪያ ስንት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ብራችሁን ያዙ፤ ጎመኑ ገበያ ላይ አለ።