«የእግዚአብሔር ጊዜ» መደበቂያ ሲሆን

ዛሬ የምጽፈው አንዳንዶቻችሁን ያስቀይማል። ይሁን። ከዝምታ ይሻላል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። እግዚአብሔር የራሱ ጊዜ እንዳለው አምናለሁ። ሳልጸልይ ትልቅ ነገር ወስኜ አላውቅም። የሃይማኖት መምህር አይደለሁም፤ ዲፕሎማ ያለኝ የሃይስኩል አስተማሪ ነኝ። ጠቤ ከእምነቱ ጋር ሳይሆን «የእግዚአብሔር ጊዜ አልደረሰም» የምትለዋን ቃል ውሳኔ መሸሻ ካደረግናት ከኛ ጋር ነው።

ቃሏ በብዛት የምትሰማው የማትሪክ ውጤት በወጣ ሰሞን ነው። ልጁ ማለፊያ አላመጣም። «እሺ፣ አሁን ምን አሰብክ?» ስለው «ቲቸር፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ይለኛል። ሬሜዲያል ይገባኛል ወይ ብለህ ጠየቅክ? አልጠየቀም። በግል ድጋሚ ለመፈተን ምዝገባው መቼ ነው? አያውቅም። ቴክኒክና ሙያ ሄደህ ምን ምን እንደሚያስተምሩ አየህ? «እሱ አልተገለጠልኝም።» ወንድሜ፣ የምዝገባ ቀን በራዕይ አይገለጥም፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው የሚለጠፈው! ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ «ለበጎ ነው» ይባላል። እንዲህ እየተባለ አንድ ዓመት ይሄዳል፣ ሁለት ዓመት ይሄዳል።

ሁለተኛው ዓይነት መቀመጥ እንኳ አይችልም፤ ምልክት ያሳድዳል። የትኛውን ዲፓርትመንት ልሙላ፣ የትኛዋን ላግባ፣ አገር ልልቀቅ ወይስ ልቆይ፣ ሁሉንም ሌላ ሰው እንዲነግረው ይፈልጋል። ስልክ ደውሎ፣ ብር አስገብቶ፣ ስሙን እንኳ በቅጡ ከማያውቅ «ነቢይ» የሕይወቱን አቅጣጫ ይገዛል። ሦስት ዓመት ቁጭ ብሎ ያስተማረው የፊዚክስ መምህሩ በነጻ ይመክረው ነበር፤ እሱን ግን አልጠየቀም። ለምን? መምህሩ «ሒሳብህ ደካማ ነው፣ መጀመሪያ እሱን አስተካክል» ይለዋላ! ነቢዩ ግን «ታላቅ ሰው ትሆናለህ» ይለዋል። ሁለተኛው ይጣፍጣል።

ሦስተኛዎቹ እኛ ትልልቆቹ ነን። የኛ ይብሳል። አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ «መማር ነው የምፈልገው» እያለች፣ ቤተሰብ «እግዚአብሔር ያመጣልሽን እድል አትግፊ» ብሎ ይድራታል፣ ወይም ዓረብ አገር ይልካታል። ውሳኔው የአባትና የአጎት ነው፤ ፊርማው ግን የእግዚአብሔር ተደርጎ ይነገራታል። ልጅቷ ከአባቷ ጋር መከራከር ትችል ይሆናል፤ ከፈጣሪ ጋር እንዴት ትከራከር? በእግዚአብሔር ስም የሰው አፍ መዝጋት ይሄ ነው።

መጽሐፉን የምታነቡ ነህምያን አስታውሱ። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ከሰማ በኋላ አራት ወር ያህል እያለቀሰና እየጸለየ ጠበቀ። ንጉሡ «ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ የጠየቀው ቀን ግን «እስቲ ልጸልይበትና እመለሳለሁ» አላለም። በልቡ ጸልዮ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ተናገረ፤ ለአገረ ገዢዎቹ የሚሆን ደብዳቤ ጠየቀ፤ ለበሩ የሚሆን እንጨት እንኳ ሳይረሳ ጠየቀ። አራቱን ወር ሲጸልይ ሲያቅድም ነበር ማለት ነው። ዮሴፍስ? ሕልሙን ፈትቶ «ጌታ ያውቃል» ብሎ አልወጣም። በጥጋቡ ሰባት ዓመት ከምርቱ አንድ አምስተኛው ይቀመጥ ብሎ በቁጥር የተሰላ እቅድ አቀረበ። ሙስሊም ተማሪዎቼም የግመሏን ነገር ከልጅነታቸው ጀምረው ያውቋታል፦ መጀመሪያ ማሰር፣ ከዚያ በአላህ መመካት።

«ቲቸር፣ አንተ ደግሞ ሁሉን በሰው ጉልበት አደረግከው» የምትሉኝ አላችሁ። አላደረግኩትም። ለፍቶም የሚወድቅ እንዳለ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፤ በ2016 5.4 በመቶ። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ናቸው። እዚያ ውስጥ ሌሊት በኩራዝ ያጠና ልጅ አለ። እንዲህ ላለው ልጅ «ጊዜህ አልደረሰም» ማለት ምንድን ነው? መጽሐፍ ያላደረሰው እግዚአብሔር ነው? ላብራቶሪውን የቆለፈው፣ ክፍሉን ያለ ሒሳብ መምህር ግማሽ ዓመት ያስቀመጠው እሱ ነው? የኛን ጥፋት ለፈጣሪ አናሸክመው። ለዚያ ልጅ መጀመሪያ እውነቱ ይነገረው፤ ቀጥሎ ሁለተኛ እድሉ የት እንዳለ አብረነው እንፈልግ።

በእግዚአብሔር ጊዜ መታመን ቦታው የት እንደሆነ ልንገራችሁ፦ የድርሻህን ከጨረስክ በኋላ ነው። ጠይቀህ፣ አጥንተህ፣ ተመዝግበህ፣ ሞክረህ፣ በሩ ሲዘጋ ራስህን እንደ ቆሻሻ እንዳትቆጥር የሚይዝህ እሱ ነው። ጓደኛህ ተመርቆ አንተ ገና ፍሬሽማን ስትሆን፣ እኩዮችሽ አግብተው አንቺ ገና ስትሆኚ፣ በሰው ሰዓት እንዳትሮጡ የሚያረጋጋችሁ እሱ ነው። ይሄ እምነት ትልቅ ነው፤ ሰው ያቆማል። ለስንፍና መጋረጃ አድርገን አናርክሰው።

ስለዚህ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ «እግዚአብሔርን እየጠበቅኩ ነው» ከማለታችሁ በፊት እነዚህን መልሱልኝ። የምትፈልጉትን ሥራ የሚሠራ አንድ ሰው አግኝታችሁ ጠይቃችኋል? የመጨረሻው የምዝገባ ቀን መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? የምትጠብቁት ነገር ነገ ቢመጣ የትኛው ወረቀታችሁ ዝግጁ ነው? ሦስቱንም ከመለሳችሁ ጠብቁ፤ እኔም አብሬ እጸልያለሁ። አንዱንም ካልመለሳችሁ ግን እየጠበቃችሁ አይደለም። ተኝታችኋል።

ያልተስማማ ኮመንት ላይ ይከራከረኝ፤ ስድብ ግን አጠፋለሁ። ምን ልማር፣ የት ልመዝገብ የሚል ጥያቄ ያለው ተማሪ ኢንቦክስ ያድርግልኝ፤ የማውቀውን እነግረዋለሁ። ትንቢት የለኝም።