ጣራ ለሌለው መኪና ማሞቂያ ያስፈልገዋልን?

ጣራ በሌለው መኪና ውስጥ ማሞቂያ ሊገጠም ነው ሲባል የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይሥቃል። «በርና መስኮት ከፍቶ ምድጃ እንደ ማንደድ አይደለምን?» ብሎም ይጠይቃል። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እኔም ራሴ እንግሊዝ አገር ሳለሁ፤ በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ፤ አንድ ባልንጀራዬ በገዛ እጁ ከገጣጠማት ትንሽ መኪና ላይ ጐንበስ ብሎ የጎማ ቱቦ ሲለካ አግኝቼው ይህንኑ ተናግሬዋለሁ። እርሱም ቀና ሳይል «እስቲ ግባና ግማሽ ሰዓት ያህል ዞር ዞር ብለን እንምጣ፤ ፍርድህን ከዚያ በኋላ ትነግረኛለህ» አለኝ። ማሞቂያው ገና አልተገጠመም ነበር። ስንመለስ የእግሬ ጣቶች የኔ መሆናቸውን እስክጠራጠር ድረስ ደንዝዘው ነበርና የሣቅሁትን ሣቅ መልሼ ዋጥሁት።

ነገሩን ከዚህ በፊት ላልሰማ አንባቢ ይህ ዓይነቱ መኪና ምን እንደ ሆነ ባጭሩ መግለጽ ይገባኛል። (ዘመኑን የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።) በ1957 ዓ.ም. ኮሊን ቻፕማን የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ «ሎተስ ሰቨን» የተባለችውን መኪና አወጣ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፤ ዝቅ ያለች፤ ጣራና እውነተኛ በር የሌላት፤ ክብደቷም ግማሽ ቶን ገደማ የሆነ ቀላል መኪና ናት። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ተሠርቶ ባለቀ መኪና ላይ ከባድ የሽያጭ ግብር ይከፈል ስለ ነበረ፤ ፋብሪካው ሻሲውን፥ ቆርቆሮውን፥ ሞተሩንና መንኰራኵሩን ለየብቻ አድርጎ ይሸጥ ነበር፤ ገዢውም በቤቱ ይገጣጥመዋል። ተገጣጥሞ ላልተሸጠው ዕቃ ግብሩ አይከፈልበትም። እንዲያውም የአገጣጠም መመሪያ አብሮ መስጠት ሕጉ ስለማይፈቅድ፤ ፋብሪካው የአፈታት መመሪያ ሰጥቶ ገዢው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያነበው ነበር ይባላል። በ1973 ዓ.ም. ግብሩ በሌላ ዓይነት ቀረጥ ሲተካ ይህ ጥቅም ቀረ፤ የመኪናዋንም ሥራ በዚያው ዓመት ካተርሃም የተባለው ድርጅት ተረከበው። ግብሩ ቢቀርም መኪናን በገዛ እጅ የመገጣጠም ፍቅር ግን አልቀረም።

እንግዲህ ክርክሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የዚህች መኪና ወዳጆች በሁለት ወገን ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን «ቻፕማን ክብደት ለመቀነስ የደከመበትን መኪና በማሞቂያ ማክበድ ክሕደት ነው፤ የበረደው ሰው ካፖርት ይልበስ፤ ካልቻለም ጣራ ያለው መኪና ይግዛ» ይላል። እኔ ይህን አሳብ አልቀበለውም። ማሞቂያው ከነቱቦውና ከነውሃው የሚመዝነው ጥቂት ኪሎ ነው። (ከተከራካሪዎቹም መካከል ከዚህ የበለጠ ክብደት ከወገባቸው ላይ ሊያወርዱ የሚችሉ አይቻለሁ።) ደግሞም ቻፕማን ያስወግድ የነበረው ሥራ የሌለውን ክብደት ነው እንጂ ሥራ ያለውን አይደለም። አለዚያማ ፍሬኑም ክብደት አለው።

የማሞቂያውስ ሥራ ምንድን ነው? ብዙ ሰው እግር ለማሞቅ ብቻ ይመስለዋል። ዋናው ሥራው ግን ዓይን ነው። ዝናብ ሲመጣ ነጂው የሸራ ጣራውን ይዘረጋል፤ የጎን መጋረጃውንም ይዘጋል፤ ያን ጊዜ የሁለት ሰዎች ትንፋሽና የረጠበ ልብስ እንፋሎት ከዚያች ጠባብ ቦታ መውጫ ያጣል። የፊቱ መስተዋት ደግሞ ከውጭ በነፋስና በዝናብ ስለሚመታ እጅግ ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ ያልበዋል፤ ነጂውም በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሁለተኛው በጨርቅ እየጠረገ ይሄዳል። በምሽት ከፊት ለፊት የሚመጣ የመኪና መብራት በዚያ ላብ ላይ ሲበተን መንገዱም እግረኛውም በአንድነት ይጠፋሉ። ይህን «የስፖርተኛ ኑሮ» ብሎ ማሞገስ ለኔ አይገባኝም። ችግርን መቻል ሌላ ነው፤ ችግርን ማፍቀር ሌላ ነው። ዛሬም በእንግሊዝ አገር እንዲህ በግል የተሠራ መኪና ለመንገድ ከመፈቀዱ በፊት በመንግሥት መርማሪ ሲታይ፤ የፊት መስተዋት ያለው እንደ ሆነ ላቡን የሚያስለቅቅበት መሣሪያ መኖሩ ይጠየቃል። መርማሪው ስለ ነጂው እግር አይጨነቅም።

ሁለተኛውና እኔን በይበልጥ የሚያስገርመኝ ነገር፤ ሙቀቱ አስቀድሞ እዚያው መኖሩ ነው። ሞተር ከሚያቃጥለው ቤንዚን ወደ ሥራ የሚለውጠው ከሲሶው ብዙ አይበልጥም። የቀረው በጭስ ማውጫው በኩልና በማቀዝቀዣው ውሃ በኩል ወደ ሜዳ የሚጣል ሙቀት ነው። ነጂው ከሚነደው እሳት በአንዲት ቆርቆሮ ብቻ ተለይቶ ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል። (ይህ ዓይነት ነገር በመኪና ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ወደ ሌላው ግን ዛሬ አልገባም።) ታዲያ ማሞቂያ የሚባለው አዲስ እሳት አይደለም፤ የሚጣለውን ሙቀት ጥቂት አዙሮ የሚያመጣ መሣሪያ ነው። «በኤሌክትሪክ ማሞቅ አይቀልምን?» የሚል ቢኖር ሒሳቡን ያስላ፦ ሦስት ኪሎዋት ሙቀት ከ12 ቮልት ባትሪ ለማግኘት 250 አምፔር ያስፈልጋል፤ የትንሽ መኪና ጄኔሬተር ይህን ሊሰጥ አይችልም። ውሃው ግን ይህን ያህል ሙቀት በነጻ ይሰጣል፤ ከባትሪው የሚፈለገው ማራገቢያውን የሚያዞር ጥቂት አምፔር ብቻ ነው።

መሣሪያው ራሱ ለመረዳት አያስቸግርም። የጫማ ሣጥን የምታህል ቆርቆሮ ናት፤ በውስጧ ትንሽ ራዲያተርና ማራገቢያ አለ። ከሞተሩ የፈላ ውሃ በቱቦ ይመጣል፤ በትንሹ ራዲያተር ያልፋል፤ ወደ ውሃ ፓምፑ ይመለሳል። ማራገቢያው የሚያሞቀውን አየር በሁለት መንገድ ይልከዋል፤ አንዱ ወደ መስተዋቱ፥ ሁለተኛው ወደ እግር። ከላይ ጣራ ባይኖርም ከታች ያለው የእግር ቦታ እንደ ረዥም ሣጥን ሦስት ጎኑ የተዘጋ ነውና ሙቀቱ እዚያ ይቆያል። ባዶውን የተሳፋሪ ቦታ በሸራ የሸፈነ ነጂ ደግሞ የበለጠ ይጠቀማል። ስለዚህ የምድጃው ምሳሌ ከወገብ በላይ እውነት ነው፤ ከወገብ በታች ግን ሐሰት ነው።

አገጣጠሙ ግን ማስተዋል ይፈልጋል፤ ሰውም የሚሳሳተው በዚሁ ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ውሃውን ከየት እንደሚወስዱት አለማወቅ ነው። ሞተር እስኪሞቅ ድረስ ቴርሞስታት የተባለው ክዳን ውሃው ወደ ትልቁ ራዲያተር እንዳይሄድ ይዘጋዋል። የማሞቂያው ቱቦ ከክዳኑ በስተ ሞተሩ በኩል ከተያዘ ሙቅ ውሃ ቶሎ ያገኛል፤ ከክዳኑ ወዲያ ከተያዘ ግን ክዳኑ እስኪከፈት ድረስ ቀዝቃዛ ነው፤ መንገደኛውም ቤቱ ሲደርስ ይሞቀዋል። ሁለተኛው ስሕተት መዝጊያውን ይመለከታል። በአንዳንድ ሞተሮች ክዳኑ ተዘግቶ ሳለ ውሃው የሚዘዋወርበት መንገድ የማሞቂያው መስመር ነው። በበጋ «ሙቀት በዛብኝ» ብሎ መስመሩን ጭርሶ የሚዘጋ ሰው ሞተሩን ይጐዳል። ለእነዚህ ሞተሮች የሚስማማው፤ ማሞቂያው ሲዘጋ ውሃውን በጎን አሳልፎ ወደ ሞተሩ የሚመልስ ባለ አራት አፍ መዝጊያ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ሦስተኛው ነው። በዚህ ቱቦ ውስጥ ያለው ውሃ ግፊት ስላለበት ከመቶ ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። የእግሩ ቦታ ጠባብ ስለ ሆነ ቱቦ ቢፈነዳ ነጂው እግሩን የሚያሸሽበት የለውም። ስለዚህ ቱቦውና ማሠሪያው ሁሉ በሞተሩ በኩል ይቅሩ እንጂ ወደ ውስጥ አይግቡ፤ ግድግዳውን ማለፍ ግድ ከሆነም የቆርቆሮው ጠርዝ እንዳይቈርጠው በቀዳዳው ላይ የጎማ ቀለበት ይደረግ። ከአሮጌ መኪና የተፈታ ማሞቂያ በርካሽ ገዝቶ መግጠም አያሳፍርም፤ አሮጌ ቱቦ መልሶ መግጠም ግን ቍጠባ ሳይሆን ድፍረት ነው።

የቮልስ ባለቤቶች የሆኑ አንባቢዎቼ «የኛ መኪና ውሃ የለውም፤ ግን ማሞቂያ አለው» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። በአሮጌው ቮልስ ላይ አየሩ የሚሞቀው በጭስ ማውጫው ቧንቧ ዙሪያ አልፎ ነው፤ በቮልስ ሻሲ ላይ ከተሠሩት ጣራ አልባ መኪናዎችም አንዳንዶቹ በዚሁ ይጠቀማሉ። ነገር ግን ቧንቧው የተበሳ እንደ ሆነ ሽታና መልክ የሌለው መርዛም ጋዝ ከሙቀቱ ጋር ይገባል። ለኔ የውሃው ይሻለኛል።

ባልንጀራዬ ሥራውን በሦስተኛው ቅዳሜ ፈጸመና ሁለተኛ ጊዜ ወጣን። ማራገቢያው ይጮኻል፤ የሚመጣው አየር ግን እንደ ውጭው ቀዝቃዛ ነው፤ ከክሩስኮቱ በስተ ኋላም የውሃ መንጐራጐር ይሰማል። ነገሩ ወዲያው ገባው። ማሞቂያው የተሰቀለው ከራዲያተሩ ከፍ ብሎ ስለ ሆነ አየር ከላይ ተከማችቶ ውሃውን አላሳልፍ ብሏል። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ ከላይኛው ቱቦ ላይ አየር መልቀቂያ አበጀለት፤ ውሃውንም ከፀረ በረዶው ፈሳሽ ጋር ቀስ እያለ ሞላው። በሦስተኛው ጕዞ ዝናብ ያዘን፤ ሸራውን ዘረጋን። ከመስተዋቱ ሥር ጀምሮ ላቡ እንደ መጋረጃ ወደ ላይ እየተገፈፈ መንገዱ ታየን፤ እግሬም ሞቀ። እጄ ግን እንደ በረደው ነበርና በማግሥቱ ጓንት ገዛሁ።