የአውሮፕላን ዕድሜ ወይስ የጥገና ጥራት?

የዓለም አየር መንገዶች አዳዲስ አውሮፕላኖችን በሚፈልጉት ፍጥነት ማግኘት አልቻሉም። ቦይንግና ኤርባስ ትእዛዞችን በወቅቱ ማስረከብ ስለተሳናቸው፣ ከአገልግሎት ሊወጡ የነበሩ አውሮፕላኖች በሥራ ላይ እንዲቆዩ ተደርጓል። የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር (አያታ) እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ እንዳስታወቀው፣ የዓለም አውሮፕላኖች አማካይ ዕድሜ 14.8 ዓመት ደርሷል፤ ይህም እስከዚያን ጊዜ ያልታየ ከፍተኛ መጠን ነው። ታዲያ የመንገደኞች ደኅንነት አደጋ ላይ ወድቋል ማለት ነውን?

አውሮፕላን የሚያረጀው በዓመታት ቁጥር ብቻ አይደለም። ወደ ከፍታ በወጣ ቁጥር በውስጡ የሚታመቀው አየር አካሉን ይወጥረዋል፤ ሲወርድ ደግሞ ውጥረቱ ይረግባል። በመሆኑም በቀን ደጋግሞ አጭር ርቀት የሚበር አውሮፕላን፣ ረጅም ርቀት ከሚበረው እኩያው ይልቅ አካሉ ፈጥኖ ይደክማል።

ሚያዝያ 20 ቀን 1980 ዓ.ም. በሃዋይ ደሴቶች መካከል ይበር የነበረው የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የፊት ጣሪያው በአየር ላይ ተገንጥሎ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሕይወቷ አልፏል። የ19 ዓመቱ አውሮፕላን ከ89 ሺህ በላይ በረራዎችን አድርጎ ነበር። መርማሪዎች ግን ዋናው ምክንያት የአየር መንገዱ ጥገና በአካሉ ላይ የደረሰውን ጉዳት አስቀድሞ አለማግኘቱ እንደሆነ ደምድመዋል። በ1977 ዓ.ም. በጃፓን 520 ሰዎች ያለቁበት የቦይንግ 747 አደጋም መነሻው ከ7 ዓመታት በፊት በስሕተት የተሠራ ጥገና ነበር።

አዲስነትም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች ያለቁበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አገልግሎት ከጀመረ ገና 4 ወር አልሞላውም ነበር። ጉድለቱ የተገኘው በተሳሳተ የመለኪያ መረጃ ተመርቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች በሚገፋው የበረራ መቆጣጠሪያ ሥርዓት ላይ ነው።

የአውሮፓ ኅብረትም አየር መንገዶችን ከክልሉ ሲያግድ በዋናነት የሚመዝነው የየሀገሩን የደኅንነት ቁጥጥር አቅም እንጂ የአውሮፕላኖቹን ዕድሜ አይደለም።

ዕድሜው የገፋ አውሮፕላን ተጨማሪ ፍተሻ፣ መለዋወጫና ባለሙያ ይሻል። ሥጋቱ የሚጀምረው ወጪው ሲንር ጥገናውን ለነገ የማሳደር ፈተና ሲመጣ ነው። ስለሆነም መንግሥታትም መንገደኞችም አጥብቀው ሊጠይቁ የሚገባው፣ ቴክኒሻኑ ጉድለት ባየ ጊዜ አውሮፕላኑን ከበረራ የማገድ ነጻነት አለው ወይ፣ ተቆጣጣሪውስ ከጎኑ ይቆማል ወይ የሚለውን ነው።